ፒዞኬሪ፦ የቫልቴሊና የባክዊት ፓስታ፤ ሊጡ፣ አቆራረጡ፣ አቀቃቀሉ፣ የሚበላሽበት ምክንያት

#1 ባለመዳመጫ

ስለ ፒዞኬሪ የሚጠየቀው በየክሩ ተበታትኖ ስለሚገኝ እዚህ አንድ ላይ ላድርገው። የምታውቁ ከሥር ጨምሩ፣ የተሳሳትኩትንም አርሙ።

ፒዞኬሪ ከባክዊት (ስንዴ ካልሆነ፣ ባለ ሦስት ጠርዝ ፍሬ) ዱቄት የሚሠራ የሰሜን ጣልያን ምግብ ነው። አገሩ በሎምባርዲያ፣ በሶንድርዮ አውራጃ፣ ከስዊዘርላንድ ድንበር ሥር የተዘረጋው የቫልቴሊና ሸለቆ ነው። እንደ ጥብጣብ የተቆረጠ ፓስታ ይባል እንጂ ረጅም አይደለም። አንዱ ቁራጭ የመሐል ጣት ያህላል፣ ወፈር ይላል፣ ቀለሙም አመድማ ቡኒ ሆኖ ጥቋቁር ነጠብጣብ አለበት። ከድንችና ከጥቅል ጎመን ጋር በአንድ ድስት ይቀቀላል፣ ፎርማጆ በየመሐሉ ይነጠፍለታል፣ መጨረሻ ላይ ነጭ ሽንኩርት የገባበት የጋለ ቅቤ ይፈስበታል። ቀለል ያለ ራት ፈልጋችሁ ከሆነ የመጣችሁት፣ ክሩ ተሳስታችኋል።

ቴልዮ የተባለችው የተራራ መንደር የምግቡ መነሻ ተደርጋ ትቆጠራለች፤ እዚያ ያለው የፒዞኬሮ አካዳሚም አዘገጃጀቱን በጽሑፍ አስፍሮታል። ለ4 ሰው ተብሎ የተቀመጠው መጠን ይህ ነው፦

የባክዊት ዱቄት 400 ግራም
ነጭ የስንዴ ዱቄት 100 ግራም
የገበታ ቅቤ 200 ግራም
ቫልቴሊና ካዜራ የሚባለው ፎርማጆ 250 ግራም
የተፈቀፈቀ ግራና (ፓርሜዛን የሚመስል ደረቅ ፎርማጆ) 150 ግራም
ጥቅል ጎመን 200 ግራም
ድንች 250 ግራም
ነጭ ሽንኩርት 1 ፍልቃቂ፣ ቁንዶ በርበሬ

እንቁላል የለም፣ ዘይትም የለም። ውሃ ወደ 285 ሚሊ ሊትር ይጠጣል፤ ዱቄቱ ሻከር ካለ ትንሽ ይጨምራል። 4 ሰው የተባለው ማሳ ላይ የዋለ 4 ሰው መሆኑን ልብ በሉ። ቢሮ ተቀምጦ ለዋለ ሰው ለ6 ይበቃል።

ሊጡ፦ ሁለቱን ዱቄት በደንብ ቀላቅሉ። ለብ ያለውን ውሃ በሦስት ዙር አፍሱ፤ የመጨረሻውን 30 ሚሊ ሊትር ያዙና ሊጡን አይታችሁ ጨምሩ። ባክዊት ግሉተን የለውም። የስንዴ ሊጥ ሲታሽ የሚሳበው በግሉተኑ ነው፤ እዚህ ግን ያን ሥራ የሚሠራው ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ስንዴ ብቻ ነው። ስለዚህ ለዳቦ እንደምናደርገው ግማሽ ሰዓት ማሸት ምንም አይጨምርም፤ ሊጡ በእጃችሁ ሙቀት ይደርቃል እንጂ። 5 ደቂቃ በቂ ነው። የሚፈለገው ጠጠር ያለ፣ በጣት ሲጫኑት ምልክቱ የሚቀር፣ ጠርዙ ግን የማይሰነጠቅ ሊጥ ነው። በእርጥብ ጨርቅ ሸፍናችሁ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ አሳርፉት፤ የባክዊት ዱቄት ውሃውን የሚጠጣው ቀስ እያለ ነው።

አቆራረጡ፦ ሊጡን ለሁለት ክፈሉ። አንዱን ስትዳምጡ ሌላው ከጨርቁ ሥር ይቆይ። ውፍረቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን፤ ከዚያ በታች አትውረዱ። የተዳመጠውን ከ7 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባላቸው ረጃጅም ቁራጮች ክፈሉት፣ በመሐላቸው የባክዊት ዱቄት እየነሰነሳችሁ ደራርቡት፣ ከዚያ በአግድም በ5 ሚሊ ሜትር በ5 ሚሊ ሜትር ቁረጡት። ቢላው ስለታም ይሁን፤ ወደ ታች ተጫኑት እንጂ ወደ ፊትና ወደ ኋላ አታመላልሱት። የተቆረጠውን ዱቄት በተነሰነሰበት ጨርቅ ላይ በትኑት።

አቀቃቀሉ፦ ቢያንስ 5 ሊትር ውሃ አፍሉ። ጨው በሊትር ከ7 እስከ 8 ግራም ይበቃል፣ ፎርማጆው ራሱ ጨዋማ ነውና። ድንቹ በ2 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ጎመኑ በጣት ስፋት ተቆርጦ አብረው ይግቡ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ፓስታው ይግባ። አንዴ ብቻ ከሥር በእንጨት ማንኪያ ቀስ አድርጋችሁ አንሱት፣ ከዚያ ተዉት። ወደ 10 ደቂቃ ይወስዳል።

አቀራረቡ፦ በድስቱ ውሃ አሙቃችሁ ያደረቃችሁትን ጎድጓዳ ሳህን አዘጋጁ። በባለ ቀዳዳ ጭልፋ አንድ ዙር አውጡና አንጠፍጥፉ፣ አስቀምጡ፣ በላዩ ግራናና በስሱ የተከተፈ ካዜራ በትኑበት። እንደገና ፓስታ፣ እንደገና ፎርማጆ። በሦስት ዙር ያልቃል። ነጭ ሽንኩርቱን በቅቤው ውስጥ ቡናማ እስኪሆን አግሉት፣ አውጥታችሁ ጣሉት፣ ቅቤውን እየተንጨረጨረ አፍስሱበት። አታማስሉት። ቁንዶ በርበሬ ነስንሳችሁ ወዲያው አቅርቡ።

#2 ሚላን_ማዶ

ጥሩ አድርገህ አስቀምጠኸዋል። ስለ ፎርማጆው ትንሽ ልጨምር፤ ብዙ ሰው ዱቄቱን ለማግኘት ይደክምና ፎርማጆውን ያገኘውን ያደርግበታል።

ቫልቴሊና ካዜራ በከፊል ስቡ ከተነሳለት የላም ወተት የሚሠራ፣ ቢያንስ 70 ቀን የበሰለ ፎርማጆ ነው። ከ1996 ጀምሮ የአውሮፓ የትውልድ ቦታ ጥበቃ አለው። ለዚህ ምግብ የሚሻለው ወጣቱ ነው፣ ሁለት ሦስት ወር ያለው። ወጣቱ ካዜራ በፓስታው ሙቀት ብቻ ይቀልጣል። ዓመት የሞላው ጣዕሙ ጠንካራ ነው፤ ሲሞቅ ግን ዘይቱ ለብቻ ይወጣና የቀረው እህል እህል ይላል።

የዚያው ሸለቆ ሌላው ፎርማጆ ቢቶ ነው። በበጋ ከብቶቹ ወደ ተራራው ግጦሽ ሲወጡ ብቻ የሚሠራ ሲሆን ከላሙ ወተት ላይ እስከ 10 በመቶ የፍየል ወተት ሊገባበት ይችላል። አንዳንድ ቤት የሁለቱን ድብልቅ ያደርጋል። ዋጋውን ስታዩት ግን ቢቶን ለብቻው መብላት ይሻላል ትላላችሁ።

ካዜራ ካልተገኘ ፎንቲና በጣም ይቀርባል። ግሩዬርም ይሆናል፣ ትንሽ ጣፋጭ ነው። አዲስ አበባ ላሉ፦ ወጣት ፕሮቮሎኔ ይቀልጣል፣ ጣዕሙ ግን ለስላሳ ስለሆነ ግራናውን ወይም ፓርሜዛኑን አትቀንሱበት። ሞዛሬላ አይሆንም፤ ውሃው ይወጣና ሳህኑ ሥር ይቆማል፣ ፓስታውንም እንደ ክር ይጎትተዋል። የእኛ አይብ ደግሞ ጨርሶ አይቀልጥም፣ በዚህ ምግብ ቦታ የለውም።

ፎርማጆውን ከአንድ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አውጡት። እንደቀዘቀዘ ከገባ ፓስታውን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አይቀልጥም፤ ሰዎች ምድጃ ውስጥ መክተት የጀመሩት ከዚህ የተነሳ ይመስለኛል። የቴልዮው አዘገጃጀት ምድጃ የለውም።

#3 አዲስ_እጅ

እናመሰግናለን። አንድ ጥያቄ፦ ሲቆረጥ ደህና የነበረው ፓስታ ውሃው ውስጥ ከገባ በኋላ እየተበጣጠሰ መጨረሻ ላይ ውሃው ራሱ እንደ አጥሚት ሲወፍር ችግሩ የት ላይ ነው? መጠኑ ልክ 400 ለ100 ነበር።

#4 ባለመዳመጫ

መጠኑ ልክ ሆኖም በአምስት መንገድ ሊበጣጠስ ይችላል። ከቁራጩ ሁኔታ ራሱ ይለያል።

በአግድም በመሐሉ ቀጥ ብሎ ከተሰበረ ሊጡ ደርቋል። ሲዳመጥ ጠርዙ ተሰንጥቆ ነበር ማለት ነው፤ ያቺ ስንጥቅ ውሃ ውስጥ ትከፈታለች። መፍትሔው ገና ሲዳመጥ ነው፦ ጠርዙ መሰንጠቅ ከጀመረ አቁሙ፣ እጃችሁን ውሃ ነክራችሁ ሊጡን መልሳችሁ ለውሱት፣ 10 ደቂቃ ሸፍኑት። ደረቅ ዱቄት እየነሰነሱ መቀጠል ነገሩን ያብሰዋል።

ጠርዙ እየቀለጠ፣ ለስልሶ ከተበተነ ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ሳስቷል፣ ወይም ከልክ በላይ በስሏል።

ቁራጮቹ ተጣብቀው ሲላቀቁ ከተቀደዱ ውሃው ትንሽ ነበር፣ ወይም ፓስታው ሲገባ መፍላቱን አቁሟል። 500 ግራም ዱቄት ማለት 785 ግራም ያህል እርጥብ ፓስታ ነው፤ 2 ሊትር ውሃ ውስጥ ከገባ ውሃውን ያቀዘቅዘዋል። ውሃው እንደ አጥሚት የሚወፍረውም ለዚህ ነው። የባክዊት ስታርች ከቁራጩ ላይ እየታጠበ ይወጣል፤ በ5 ሊትር ውስጥ አይታወቅም፣ በ2 ሊትር ግን ሾርባ ይሆናል። ከመክተታችሁ በፊት የተነሰነሰውን ትርፍ ዱቄትም አራግፉት።

ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ከተሰበረ ማማሰሉ ነው። ስፓጌቲ እንደሚማሰል አይማሰልም። ውሃውም ፓስታው ከገባ በኋላ እየዘለለ አይፍላ፤ እሳቱን ረገብ አድርጉትና ዝም ብሎ ይፍላ።

አምስተኛው ያረጀ ዱቄት ነው፤ እሱን የዱቄቱ ሰው ያስረዱን።

የፓስታ ማሽን የምትጠቀሙ ካላችሁ ከሰፊው ቁጥር ጀምራችሁ 2 ሚሊ ሜትር ላይ ስትደርሱ አቁሙ። የስንዴ ፓስታ እያጠፉ ደጋግሞ ማሳለፍ ያጠነክረዋል፤ ይሄኛው በሁለተኛው ማጠፍ ይቀደዳል። የማሽኑ መቁረጫም ያደቀዋል፣ በእጅ ቁረጡት።

#5 ዱቄት_ቤት

ስለ ዱቄቱ።

ባክዊት በስሙ ውስጥ ስንዴ የሚል አለበት እንጂ የስንዴ ዘመድ አይደለም። ከሣር ወገን ሳይሆን ነጭ ወይም ሮዝ አበባ የሚያወጣ፣ ቅጠለ ሰፊ ተክል ነው፤ ፍሬው ሦስት ጠርዝ አለው፣ ቅርፊቱም ጥቁር ነው። ጣልያኖቹ ግራኖ ሳራቼኖ ይሉታል፣ የቫልቴሊና ሰዎች ደግሞ በራሳቸው ቋንቋ ፉርመንቱን። በሸለቆው መዘራቱ በጽሑፍ የሚታወቀው ከ1616 ጀምሮ ነው፤ የጻፈው ሸለቆውን ያስተዳድር ለነበረው ለስዊዝ ግራውቡንደን ገዥ ሆኖ የሠራ ሰው ነው። ለተራራው የተመቸው ቶሎ በመድረሱ ነው። በሦስት ወር ገደማ ይደርሳል፤ ስለዚህ ራይ የሚባለው እህል በሐምሌ ከታጨደ በኋላ እዚያው ማሳ ላይ ተዘርቶ ብርዱ ሳይመጣ ይሰበሰባል። አንድ መሬት በአንድ ዓመት ሁለት ጊዜ አበላ ማለት ነው።

ፒዞኬሪ ለመሥራት የሚፈለገው ካልተቆላ ባክዊት የተፈጨ ዱቄት ነው። በምሥራቅ አውሮፓ ሱቆች ካሻ ተብሎ የሚሸጠው ቡናማ ፍሬ የተቆላ ነው። ያን ብትፈጩት ስታርቹ አስቀድሞ በሙቀት ስለተለወጠ ሊጡ አይያያዝም፣ ሽታውም የተቃጠለ ነገር ይመስላል። ያልተቆላው ፍሬ ፈዛዛ አረንጓዴ ወይም ክሬም ነው።

ሁለት ዓይነት ዱቄት ታገኛላችሁ። አንዱ ቅርፊቱ ሙሉ በሙሉ የተነሳለት፣ ነጣ ያለ ነው፤ ሌላው ቅርፊቱ በከፊል አብሮ የተፈጨ፣ ጥቋቁር ነጠብጣብ ያለበት ነው። የፒዞኬሪ መልክና የመሬት የሚመስል ጣዕም የሚመጣው ከሁለተኛው ነው። ነገር ግን ጥርስ ላይ አሸዋ እስኪመስል ሻካራ ከሆነ በጥሩ ወንፊት ንፉት፤ በወንፊቱ ላይ የሚቀረው ቅርፊት ሊጡን ይቆራርጠዋል። የነጣውን ብቻ ካገኛችሁ ፓስታው ይያዝላችኋል፣ መልኩ ብቻ ይደበዝዛል።

ማስቀመጥ፦ የባክዊት ፍሬ ቅባት አለው፣ ስለዚህ ዱቄቱ እንደ ነጭ የስንዴ ዱቄት ወር ከወር አይቆይም። በተዘጋ ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ 2 ወር፣ ፍሪዘር ውስጥ ከዚያ በላይ። አሽትቱት፤ የደረቀ ሣርና የለውዝ ሽታ ካለው ደህና ነው፣ እንደ ከረመ ዘይት ከሸተተ ጣሉት። ባለመዳመጫ ያለው የአምስተኛው መንገድ መልስ ይህ ነው፤ ዱቄቱ ሲከርም የሚበላሸው ጣዕሙ ብቻ አይደለም፣ ሊጡም ይፈረካከሳል።

#6 ሐይፋ_ወደብ

እስራኤል ላላችሁ አንድ ማስጠንቀቂያ። ኩሰመት እና ኩስሚን እንዳይምታታባችሁ። ኩሰመት ባክዊት ነው፤ ኩስሚን ግን ስፔልት የሚባለው የጥንት ስንዴ ነው፣ ግሉተንም አለው። ስማቸው ስለሚቀራረብ በሱቅ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ይገኛሉ። በኩስሚን ብትሠሩት ፓስታው ያምራል፣ አይሰበርም፣ ግን ፒዞኬሪ አይደለም።

ኩሰመትም ራሱ ሁለት ነው። ቡናማው የተቆላው ነው። የምትፈልጉት ኩሰመት ዬሩካ የሚባለውን አረንጓዴውን ነው።

#7 ዱቄት_ቤት

በጣም ጥሩ ነጥብ። ዓረብ አገር ያላችሁም ተጠንቀቁ፤ በዓረብኛ ሒንጣ ሰውዳ ይባላል፣ ቃል በቃል ጥቁር ስንዴ ማለት ነው። እኛ አገር ጥቁር ስንዴ ስንል ግን እውነተኛ ስንዴ ነው፣ ፍሬው ጠቆር ያለ። ቤተሰብ ከአገር ቤት ጥቁር ስንዴ ላከልኝ ብላችሁ ይህን ፓስታ ለመሥራት እንዳትነሱ።

#8 የጓሮ_ነገር

ጎመኑን በተመለከተ። በቫልቴሊና የሚገባው ቬርዛ ነው፣ ቅጠሉ የተሸበሸበ ጥቅል ጎመን። ከለስላሳው ጥቅል ጎመን ይልቅ ቶሎ ይበስላል፣ በሽብሽቡም ቅቤ ይይዛል። ለስላሳው ጥቅል ጎመን ብቻ ካላችሁ ወፍራሙን የመሐል አንጓ አውጡና ቀጠን አድርጋችሁ ቁረጡት፣ ከድንቹም 3 ደቂቃ ቀድሞ ይግባ።

ደስ የሚለው ግን ሌላው ነው። ቬርዛ የክረምት ነው፤ በበጋ ሲጠፋ የቴልዮው አዘገጃጀት በኮስቴ ወይም በአረንጓዴ ባቄላ እንዲተካ ይፈቅዳል። ኮስቴ ማለት የእኛው ቆስጣ ነው፣ ስሙንም ከጣልያኖቹ ወስደን ነው ቆስጣ ያልነው። አረንጓዴው ባቄላም ፎሶሊያ ነው። እንግዲህ ቆስጣና ፎሶሊያ እንደ ምትክ ሳይሆን እንደ ሕጋዊው አዘገጃጀት ይገባሉ። ድንቹ ግን በየትኛውም ወቅት አይቀርም።

ቆስጣ ስትጠቀሙ ዘንጉንና ቅጠሉን ለዩ። ዘንጉ ከድንቹ ጋር ይግባ፣ ቅጠሉ ፓስታው ሊወጣ 3 ደቂቃ ሲቀረው። አንድ ላይ ከገባ ቅጠሉ ጭቃ ይሆናል።

#9 ምንጣፍ_ሰፈር

ቅቤውን በተመለከተ፣ ንጥር ቅቤ ቢሆንስ? ቤት ያለው እሱ ነው።

#10 ባለመዳመጫ

አይሆንም፣ ምክንያቱ ደግሞ የቅመሙ ሽታ ብቻ አይደለም። የገበታ ቅቤ ሲግል መጀመሪያ ውሃው እየተንጨረጨረ ይወጣል፣ አረፋው ይረግባል፣ ከዚያ ሥር ያለው የወተት ፕሮቲን ይጠበስና የተቆላ ለውዝ የሚመስል ሽታ ይሰጣል። የምንፈልገው ያን ነው። ንጥር ቅቤ ሲነጠር ያ ክፍል ተለይቶ ወጥቷል፤ የፈለጋችሁትን ያህል ብታግሉት ያ ሽታ አይመጣም። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ደግሞ ከካዜራ ጋር ይጣላሉ።

ጨው የሌለው ቅቤ ግዙ። ታችኛው ነጭ በሆነ ድስት አግሉት፣ ጥቁር መጥበሻ ቀለሙን ይደብቃል። ከወርቃማ ቡናማ ወደ ጥቁር ለመሄድ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅበትም፤ ስለዚህ ፓስታው ተደራርቦ ካለቀ በኋላ እንጂ በፊት አታግሉት። ነጭ ሽንኩርቱ ሙሉውን በቢላ ጎን ተጨፍልቆ ይግባ፤ ደቅቆ ከገባ ቅቤው ሳይደርስ ያርርና ይመራል።

200 ግራም በዛ ለምትሉ፦ እስከ 130 ድረስ ብትወርዱ ምግቡ ይቆማል። ከዚያ በታች ፓስታው ይደርቃል፣ ባክዊት ቅባት ይወዳል።

#11 ሴጅ_ቅጠል

ሴጅ የሚባለውን ቅጠል ማንም አላነሳም። ሳልቪያ ከነጭ ሽንኩርቱ ጋር ቅቤው ውስጥ ገብቶ ሲጠበስ ነው እኮ ምግቡ የሚያምረው። በብዙ የሎምባርዲያ ምግብ ቤቶች እንዲሁ ነው የሚሠራው።

#12 ሚላን_ማዶ

ይሠራል፣ አዎ። በቴልዮው ጽሑፍ ግን የለም። ሴጅ ሽታው ጎልቶ ካዜራውን ይሸፍነዋል፤ ፎርማጆው ደካማ ሲሆን ይረዳል፣ ጥሩ ካዜራ ካላችሁ ግን ለምን ትሸፍኑታላችሁ? ፎንቲና ወይም ፕሮቮሎኔ ከተጠቀማችሁ 4 ቅጠል አድርጉ፣ አልቃወምም።

#13 ሴጅ_ቅጠል

ይሁን፣ በ4 ቅጠል ታርቀናል።

#14 እንጦጦ_ሥር

አዲስ አበባ ለምትሠሩ አንድ ቁም ነገር። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በ100 አይደለም። የቴልዮው የደቂቃ ቁጥር እዚህ አይሠራም። ፓስታው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይጨምራል፤ የሚቸግረው ድንቹ ነው፣ በ92 ዲግሪ ሙቀት ቶሎ አይለሰልስም። ድንቹን በ1.5 ሴንቲ ሜትር ቁረጡት፣ ፓስታው ከመግባቱ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ቀድሞ ይግባ። ቢላ ጫፉ ገብቶ መሐሉ ላይ ትንሽ ሲከብደው ያኔ ፓስታውን ክተቱ። በፕሬዠር ድስት ፓስታውን አትሞክሩ፤ ድንቹን ለብቻ ማስቀደም ከሆነ ይቻላል።

አንዱን ቁራጭ አውጥታችሁ ለሁለት ቁረጡትና መሐሉን እዩ። ነጣ ያለ ደረቅ መስመር ካለ አልበሰለም።

#15 ሰላማዊት_ከፍራንክፈርት

ግሉተን ለማይስማማው ሰው ይሆናል? ባክዊት ግሉተን የለውም ስለተባለ።

#16 ዱቄት_ቤት

እህቴ፣ እንዳለ አይሆንም። 100 ግራሙ ስንዴ ነው። የታሸገውን ከሱቅ ስትገዢም ተጠንቀቂ፦ ፒዞኬሪ ዴላ ቫልቴሊና የሚለው ስም ከ2016 ጀምሮ በአውሮፓ ጥበቃ ሥር ቢሆንም፣ ሕጉ የሚጠይቀው ባክዊት ቢያንስ 20 በመቶ እንዲሆን ነው። የቀረው አብዛኛውን ጊዜ የስንዴ ሴሞሊና ነው። ደረቁ ፓስታ ሳይሰባበር ፓኬት ውስጥ የሚቆመውም በዚያ ነው። የጀርባውን ጽሑፍ አንብቢ።

ሙሉ በሙሉ ከባክዊት ለመሥራት ግሉተኑን የሚተካ ማሰሪያ ያስፈልጋል፤ እኛ ደግሞ ዘዴውን ከማንም በላይ እናውቀዋለን፣ አብሲት ነው። የጤፍ ሊጥ ላይ ከፊሉን አብስለን የምንመልሰው የበሰለው ስታርች የቀረውን እንዲይዝ አይደል? እዚህም እንዲሁ ነው። ከ500 ግራም የባክዊት ዱቄት 50 ግራሙን በ250 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጪ፣ በመካከለኛ እሳት እያማሰልሽ እስኪወፍርና እስኪያብረቀርቅ አብስዪው። እጅ የሚያስገባ ያህል ሲበርድ ከቀረው 450 ግራም ጋር ለውሺው። ሲደርቅ በሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምሪ፣ ከ50 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ሊጠጣ ይችላል። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ይሁን፣ ርዝመቱን ወደ 5 ሴንቲ ሜትር አሳጥሪው። ማቡካት የለም፤ አብሲት ስላልኩ ሌሊት እንዳታሳድሪው።

የሴሊያክ በሽታ ላለበት ሰው ደግሞ ስንዴ በማይፈጭበት ወፍጮ የተፈጨና ግሉተን የለውም ተብሎ የተረጋገጠ ዱቄት ብቻ ይገዛ። ባክዊት ራሱ አለርጂ የሚሆንባቸው ሰዎችም አሉ፤ ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚቀምስ ሰው በትንሹ ስጡ።

#17 ወለተ_ጾም

ለጾም የሚሆንበት መንገድ ካለ ብትነግሩን።

#18 ባለመዳመጫ

ፓስታው እንዳለ የጾም ነው፤ ዱቄትና ውሃ ብቻ ነው፣ እንቁላል የለበትም። የሚፈስከው ላዩ ነው። ቅቤውን በ80 ሚሊ ሊትር የወይራ ዘይት ተኩ፣ ነጭ ሽንኩርቱን ወደ 3 ፍልቃቂ አሳድጉ፣ በዝግታ ወርቃማ አድርጉ። ፎርማጆው ሲወጣ ጨውም የሚያያዝም ነገር ይጠፋል፤ ስለዚህ የመቀቀያውን ጨው በሊትር ወደ 10 ግራም ከፍ አድርጉ፣ ግማሹን ድንች ደግሞ ጨፍልቁት። ከድስቱ ውሃ አንድ ጭልፋ ጨምሩበት። ለጣዕም የተጠበሰ እንጉዳይ ይስማማዋል። ቫልቴሊና ውስጥ ይህን ፒዞኬሪ ብላችሁ ብታቀርቡ ግን የሚሰማችሁ የለም።

#19 አዲስ_እጅ

በጤፍ ዱቄትስ? ቀለሙ ይመሳሰላል።

#20 ዱቄት_ቤት

ቀለሙ ብቻ ነው የሚመሳሰለው። ጤፍም ግሉተን ስለሌለው ያው የመያያዝ ችግር ይመጣል። ጥቁር ጤፍና ስንዴ ግማሽ በግማሽ አድርገህ ብትጀምር ሊቆረጥ የሚችል ሊጥ ይወጣል። ጣዕሙ ግን ሌላ ነው፤ ባክዊት መረር የሚል የለውዝ ጣዕም አለው፣ የዚህን ሁሉ ቅቤና ፎርማጆ ክብደት የሚሰብረውም ያ ምሬት ነው። የጤፍ ፓስታ በቆስጣና በድንች ብለህ ጥራው፣ ማንም አይከስህም።

#21 የጓሮ_ነገር

ስሙን ካነሳችሁ፦ ከቫልቴሊና አጠገብ ኪያቬና የምትባል ከተማ አለች፤ እዚያ ፒዞኬሪ ስታዝዙ ነጭ፣ ድቡልቡል፣ ከስንዴ ዱቄትና ከደረቀ ዳቦ የሚሠራ ነገር ነው የሚመጣላችሁ። ስሙ አንድ፣ ምግቡ ሁለት። በስዊዘርላንድ በኩል ባለው የፖስኪያቮ ሸለቆ ደግሞ የባክዊቱ ዓይነት አለ።

#22 ምንጣፍ_ሰፈር

የተረፈው እንዴት ይሞቃል? ደግሞስ ጥሬውን አስቀድሞ ሠርቶ ማስቀመጥ ይቻላል?

#23 ባለመዳመጫ

የተረፈውን ማይክሮዌቭ ውስጥ አትክተቱት፣ ፎርማጆው ጎማ ይሆናል፣ ቅቤውም ለብቻው ይወጣል። በማይጣበቅ መጥበሻ፣ ምንም ቅባት ሳትጨምሩ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርጋችሁ ደልድሉት፣ በመካከለኛ እሳት ከ6 እስከ 7 ደቂቃ ሳትነኩት ተዉት። ሥሩ ቅርፊት ሲያወጣ በሳህን ገልብጡት፣ ሌላውን ጎን 4 ደቂቃ። ከመጀመሪያው ቀን ይህን የሚመርጥ ብዙ ሰው አለ።

ጥሬው በፍሪጅ ከአንድ ቀን በላይ አይቆይ፤ ይጠቁራል፣ ይጣበቃል። ይልቅ በትሪ ላይ ሳይደራረብ ፍሪዘር ውስጥ አድርቁት፣ ሲጠነክር ወደ ከረጢት ገልብጡት። ስትቀቅሉ ሳታቀልጡ በቀጥታ ወደሚፈላው ውሃ ክተቱት፣ በትንሽ በትንሹ፣ ውሃው መፍላቱን እንዳያቆም። 2 ደቂቃ ጨምሩለት። ቀልጦ ከገባ በእጅ ሲነካ ይሰባበራል።

ደረቁን የፓኬት የምትጠቀሙ ከሆነ በላዩ የተጻፈውን ደቂቃ ተከተሉ፤ ከ12 ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ከሆነ ድንቹና ፓስታው አብረው ሊገቡ ይችላሉ፣ ድንቹ በ2 ሴንቲ ሜትር ከተቆረጠ እኩል ይደርሳሉ።